ኅዳር ሲታጠን ሳንባችን አብሮ አይታጠን

ሰሞኑን ስልካችሁ ላይ ያለውን የአየር ሁኔታ አፕ ከፍታችሁ «ባህር ዳር» ብትሉ የሚመጣላችሁ ነገር ከቀን ቀን ብዙም አይለያይም። ፀሐይ፣ 26 ወይም 27 ዲግሪ፣ ዝናብ የለም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ጥሩ ሳምንት ነው» ይልና ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይከታል። እኔ ግን ከሥር ያሉትን ትናንሽ ቁጥሮች ነው የማየው። የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ስንት ነው? ንጋት ላይ ነፋስ አለ ወይ? አየሩ ምን ያህል ደርቋል? በኅዳር ወር የእኛ ከተማ ሌሊት ወደ 10 እና 11 ዲግሪ ይወርዳል፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ አይኖርም።

በዚህ ሳምንት ውስጥ ምን ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። ኅዳር 12 ሚካኤል ነው። 14 ቅበላ። 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ትንሽ ቆይቶ 21 ጽዮን ይመጣል። እናም በኅዳር 12 ንጋት፣ በዓመቱ ውስጥ አየሩ ረግቶ ከሚቆምባቸው ጠዋቶች በአንዱ ላይ፣ ሁላችንም ተነስተን ግቢያችንን ጠርገን ቆሻሻውን እናቃጥላለን። ኅዳር ሲታጠን ማለት ይህ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። መጥረጉ ይቀጥል፣ ማቃጠሉ ይብቃን። ኮመንት ላይ ከመሰዳደባችን በፊት ግን ምክንያቴን አንብቡልኝ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደሞተ የሚገምቱ አሉ። ያኔ የአዲስ አበባ ሕዝብ ምን ያህል ትንሽ እንደነበር አስቡት። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። ቀባሪ ጠፋ፣ አስታማሚ ጠፋ። በዚያን ጊዜ በሽታ ከመጥፎ ሽታና ከተበከለ አየር ይመጣል የሚለው እምነት እዚህም ባሕር ማዶም የነበረ ነው። ስለዚህ ቆሻሻውን ጠርጎ ማቃጠል፣ አየሩን ማጠን የሚለው ልማድ ለዘመኑ ሰው ትርጉም ነበረው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሚካኤል ቀን ይደገማል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? የኅዳር በሽታ የሳንባ በሽታ ነበር። ሰው የሞተው መተንፈስ አቅቶት ነው። እኛ ደግሞ እነዚያን ሰዎች የምናስበው የልጆቻችንን ሳንባ በጭስ በመሙላት ሆነ። ይህን ሳስብ እኮ ዝም ማለት ያቅተኛል።

አሁን ወደ አየሩ ልመለስ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ክረምት ላይ ደመናው ምድርን እንደ ጋቢ ይሸፍናታል፣ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ቶሎ አያመልጥም። በጋ ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ራሱ ይቀዘቅዛል፣ ከመሬት ጋር የሚነካካው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ታች ይተኛል። ሞቅ ያለው አየር ከላይ ሆኖ እንደ ክዳን ይጫነዋል። በሌላ ጊዜ ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ ይበተናል፤ በእንዲህ ዓይነት ጠዋት ግን ትንሽ ይወጣና ክዳኑን ሲነካ ወደ ጎን ይዘረጋል። ማመን ካቃታችሁ በኅዳር አንድ ቀን ንጋት ቤዛዊት ላይ ውጡና ከተማውን ወደ ታች እዩት። የጭሱ ጠፍጣፋ ሽፋን በቤቶቹ ጣሪያና በዛፎቹ ጫፍ ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ጣናም አያድነንም። ቀን ላይ ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚመጣው ነፋስ ገና አልጀመረም፤ ሌሊትና ንጋት ላይ ያለው ቀስ ያለ ነፋስ ከየብሱ ወደ ሐይቁ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ጭሱን እየጎተተ በሐይቁ ዳር ባሉት ሰፈሮች ላይ ያሳልፈዋል እንጂ አያጠራውም። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን እስክታሞቀው፣ ማለትም እስከ ረፋድ ድረስ፣ የሁላችንም ጭስ የሁላችንም አየር ነው።

ጭሱ ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ የ1911 አይደለም። አያቶቻችን ያቃጠሉት ቅጠል፣ ገለባ፣ አሮጌ ሰሌን ነው። የእኛ ግቢ ቆሻሻ ፌስታል፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ የልጅ ዳይፐር፣ የተበላሸ ቻርጀር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ አንዳንዴም ጎማ ነው። ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት በግቢ እሳት ሲቃጠል በደንብ አይቃጠልም፣ ይጨሳል። እንደ ዳይኦክሲን ያሉ መርዞች የሚፈጠሩት በዚህ ዓይነት እሳት ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ ከፀጉር ውፍረት ወደ ሠላሳኛ የሚያንሱ ብናኞች አሉ፣ በአፍንጫ ፀጉርም በነጠላም አይያዙም፣ እስከ መጨረሻው የሳንባ ከረጢት ድረስ ይገባሉ። ነጠላውን አፋችሁ ላይ ጣል ስታደርጉ የሚቀንሰው ሽታውን ነው።

ይህን ሁሉ የምለው መጽሐፍ ላይ ስላነበብኩ ብቻ አይደለም። በዚህ ወቅት ተረኛ የሆነ ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ልጅ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ደረቱ እየሰረጎደ፣ ትንፋሹ እያፏጨ ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ ደህና የነበረች የአስም ታካሚ ፓፏን ጨርሳ ትመጣለች። ልባቸው የደከመ አባት ሌሊቱን ተቀምጠው አድረው ይመጣሉ። እነዚህ የመጡት ናቸው። ማታ ባጃጅ በማይገኝበት ሰዓት ትንፋሹ የጠፋበት ልጅስ? ጠዋት እስኪሆን ይጠብቃል። ልጅ ደግሞ መጠበቅ አይችልም።

አንዲት እናት ይህን ስነግራቸው «እሺ ልጄ፣ ታዲያ የአባቶቻችንን ልማድ ልታስቀርብን ነው?» አሉኝ። አይደለም እማማ። እኔ የምለው ልማዱ ሁለት ክፍል አለው ነው። አንዱ ሰፈርን ማጽዳት፣ አንዱ ማቃጠል። በሽታን በእውነት የሚከላከለው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ላይ ብዙ የሙጥኝ የሚያስብል ነገር የለም። የሚካኤልን በዓል የሚያደምቀው ታቦቱ እንጂ የተቃጠለ ፌስታል አይደለም።

ሌላው የሚነሳው ጥያቄ እውነት ነው፣ ልሸሸው አልችልም። «ቆሻሻ የሚያነሳ በሰዓቱ አይመጣም፣ ታዲያ የት እናድርሰው?» ይባላል። በዚህ ላይ ከተማ አስተዳደሩም ድርሻ አለው። የኅዳር 12 ሳምንት በየዓመቱ በአንድ ቀን የሚመጣ ነው፣ ድንገተኛ አይደለም። ከ10 ጀምሮ ለሦስት ቀን ተጨማሪ ጋሪና መኪና በየሰፈሩ ቢመደብ፣ ሰው የጠረገውን በጆንያ አድርጎ ደጃፉ ላይ ቢያስቀምጥ፣ እሳት የሚለኩስ ሰው በግማሽ ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ። እድሮችም ይህን መነጋገር ይችላሉ፤ ድንኳንና ወንበር ማደራጀት ያላቃታቸው እድሮች አንድ ጋሪ መከራየት አያቅታቸውም። ቅጠልና የምግብ ትራፊ ግቢ ጥግ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቢቀበር ለጎመንና ለቡናው ማዳበሪያ ይሆናል። «አይ፣ ግድ ማቃጠል አለብኝ» የሚል ካለ ደግሞ ቢያንስ ደረቅ ቅጠል ብቻ ይሁን፣ ፕላስቲክና ጎማ አይግባበት፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሞቆ አየሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ይሁን፣ ከጎረቤት መስኮት ይራቅ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ አይሁን። እሱ ብቻ እንኳ ለውጥ አለው።

«ጭሱ የወባ ትንኝ ያባርራል» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ጭስ ባለበት ሰዓት ትንኝ ትንሽ ሊርቅ ይችላል። ግን ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው በዋናነት ማታና ሌሊት ነው። እናንተ የጠዋቱን ጭስ አጭሳችሁ ስትተኙ እሷ ሥራ ትጀምራለች።

እንዲያውም ኅዳር ላይ ስለ ወባ ማውራት ካለብን የምናወራው ስለ ውሃ ነው። ሰው «ዝናቡ አቆመ፣ ወባም አለቀ» ይላል። ተቃራኒው ነው። በጎርፍ ጊዜ የትንኟ እንቁላል ይታጠባል። ዝናቡ ሲያቆም ግን ትናንሽ፣ ፀሐይ የሚያገኛቸው፣ የማይንቀሳቀሱ ኩሬዎች ይቀራሉ። የመኪና ጎማ የረገጠው ጉድጓድ፣ ለግንባታ የተቆፈረ መሠረት፣ የተዘጋ ቦይ፣ የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ ዳርቻው ላይ የቀረው ሁሉ። አኖፊለስ አራቢየንሲስ የምትባለዋ ትንኝ የምትወደው ይህንን ነው። ከእንቁላል እስከ ምትበር ትንኝ ሁለት ሳምንት አካባቢ ይበቃታል። ለዚህ ነው በአገራችን ትልቁ የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሆነው። የሌሊቱ ቅዝቃዜ በትንኟ ሆድ ውስጥ ያለውን የወባ ተሐዋስ እድገት ያዘገየዋል እንጂ በእኛ ከፍታ፣ በ1,800 ሜትር አካባቢ፣ አያቆመውም። ቀኑ ሞቃት ነው፣ የምትደበቅበት ቤት ውስጡም ሞቃት ነው።

በዚህ መካከል ያለወቅቱ አንድ ሁለት ቀን ዝናብ ከመጣ፣ ገበሬው ስለ ታጨደው ጤፍ ይጨነቃል፣ እኔ ደግሞ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሚመጣው ትኩሳት እጨነቃለሁ። የአየር ትንበያ የጤና መረጃ ነው የምለው ለዚህ ነው። ታሪኩም እዚሁ ደጃችን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በጣና ሰሜን በደምቢያ ሜዳ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቷል፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለመቋቋሙ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። በ1958 ደግሞ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በደጋና በወይና ደጋው ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ ወደ 150 ሺህ ሰው እንደሞተ ተገምቷል። የዚያ ዓመት ልዩነቱ አየሩ ነበር። ከወትሮው የበዛ ዝናብ፣ ከወትሮው የጨመረ ሙቀት፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ እርጥበት። «ድሮ ነው» እንዳትሉኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሳወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበው 1,157 ሰዎች ሞተዋል። ከሕሙማኑ 18 በመቶ ያህሉ ከአማራ ክልል ነበሩ።

ስለዚህ ኅዳር 12ን የማቃጠያ ቀን ከማድረግ የማፋሰሻ ቀን ብናደርገውስ? ክብሪት ይዞ የሚወጣው ጎረምሳ ሁሉ አካፋ ይዞ ቢወጣ፣ የሰፈሩን ቦይ ቢከፍት፣ ጉድጓዱን በአፈር ቢሞላ፣ የወደቀ ጎማና ጣሳ ውስጥ ያለውን ውሃ ቢደፋ። የ1911 ሰዎች የሚያውቁትን ተጠቅመው ለሰፈራቸው የሚችሉትን አደረጉ። እኛ የምናውቀው ይህንን ነው።

የበዓሉን ጉዞም አትርሱት። ለሚካኤል ከደብረ ታቦርና ከሌላው ደጋ ወደ ወረታ፣ ወደ ፎገራ፣ ወደ ባህር ዳር የሚወርድ ዘመድ ብዙ ነው። የደጋ ሰው ወባን አያውቃትም፣ ሰውነቱም ስለማያውቃት ሲያዝ ይከፋበታል። ለእንግዳችሁ አልጋ ስታነጥፉ አጎበሩንም ስጡት። ከመተማና ከሁመራ የሰሊጥ አጨዳ የሚመለሱ ወንድሞቻችንም በዚህ ሰሞን ነው ቤት የሚገቡት። ከዚያ የመጣ ሰው ካተኮሰው ውሎ አያድርም፣ ይመርመር። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየና ከጎድኑ በግራ በኩል ሆዱ ካበጠ ደግሞ ካላዛርም ሊሆን ስለሚችል የት እንደነበረ ለሐኪሙ ይናገር። ሐኪሙ ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቆጣኝን ነገር ልናገር። «ምች ነው» እና «ብርድ መታኝ»። ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ በኅዳር ለሁሉም ራስ ምታትና ትኩሳት ምክንያት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዳማከሴ ተጨምቆ ይጠጣል፣ በጋቢ ተሸፍኖ ይተኛል፣ «ሚካኤል ይለፍና እሄዳለሁ» ይባላል። ዳማከሴውን አትጠጡ አላልኩም። ግን ደም መመርመሩን አይተካው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት በጥቂት ቀን ውስጥ ጭንቅላት ሊመታ ይችላል፣ በተለይ በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ። በዓልም ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ደግሞ ለወባም ለጉንፋንም አንዳች አይፈይድም።

አሁን የጾሙ ጉዳይ። ይህን ክፍል ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለፋልሲፓረም ወባ የሚሰጠው ኮአርተም በባዶ ሆድ ከተዋጠ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ቅባት ያለው ምግብ ይፈልጋል። ሐኪሙ «በወተት ውሰዱት» ይላል፣ ከኅዳር 15 በኋላ ደግሞ ጾም ነው፣ በሽተኛው ወተቱን ይተወውና መድኃኒቱን በውሃ ብቻ ይውጠዋል። ከዚያ ትኩሳቱ ይመለሳል፣ «መድኃኒቱ ተላመደ» ይባላል። ወተት ግዴታ አይደለም። ዘይት ያለው ሽሮ፣ ለውዝ፣ አቮካዶ፣ የሱፍ ፍትፍት ይበቃል፣ ሁሉም የጾም ነው። የማይቻለው ሰዓቱን ማዛባት ነው። የመጀመሪያው ከተዋጠ ከ8 ሰዓት በኋላ ሁለተኛው፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ ለሁለት ቀን፣ በድምሩ ስድስት ጊዜ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾምና ሁለቱን በአንድ ላይ እውጣለሁ» አይሠራም። የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፣ በሽተኛን አስገድደው የሚያስጾሙ ካህን እስካሁን አላጋጠሙኝም። ትኩሳቱ በለቀቀ በማግሥቱ የተረፈውን ለሚቀጥለው ጊዜ ማስቀመጥም ይቅር።

ብርዱ የሚያመጣው ሌላ አደጋ ከሰል ነው። ለበዓሉ ቡና የተፈላበት ማንደጃ «ቤቱን ያሙቅልን» ተብሎ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፣ በርና መስኮት ይዘጋል። ብዙ ሰው «ጭሱ ካለቀ፣ ፍም ከሆነ ችግር የለውም» ብሎ ያምናል። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ፍሙ ቀልቶ ሲያምር ነው የሚወጣው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ከዚያ እንቅልፍ። በአንድ ክፍል የተኙ ሰዎች ሁሉ እኩል ራሳቸውን ካመማቸው ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፣ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ማንደጃው ውጭ ይደር። ሁለት ብርድ ልብስ ይሻላል።

አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ከ12 በፊት ሳልቡታሞል ፓፉ መኖሩን እዩ፣ ፋርማሲ በበዓል ይዘጋል። ለትንሽ ልጅ ፓፉን በቀጥታ አፍ ውስጥ መንፋት አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስፔሰር ካላገኛችሁ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ አጥባችሁ አድርቁና ታቹን በፓፉ አፍ ልክ ብሱት፣ ክፍተቱን በፕላስተር ዝጉት፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተንፍስ። እያንዳንዱን ፓፍ ከአምስት እስከ ስድስት ጊዜ ይሳበው። በጥናት የተፈተነ ዘዴ ነው፣ ያው ልታቃጥሉት የነበረው ፕላስቲክ።

የሕፃን ትንፋሽ ካሳሰባችሁ ስልካችሁ ላይ ያለውን ሰዓት ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ክፈቱ፣ ልጁ ሳያለቅስ ሆዱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ለሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ደረቱ ከጎድን በታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ቁጥሩንም አትጠብቁ፣ ያገኛችሁትን መኪና አስቁሙ።

የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየ10 ቀኑ የሚያወጣውን ትንበያ ከዚህ በኋላ እዚህ ገጽ ላይ አጋራችኋለሁ፣ ለጤና የሚነካውን ክፍል በአጭሩ እየጻፍኩ። በሰፈራችሁ ቆሻሻ የሚያነሱት ማኅበራት በኅዳር 10፣ 11 እና 12 በስንት ሰዓት እንደሚያልፉ የምታውቁ ኮመንት ላይ ከነሰፈሩ ስም ጻፉልን፣ ሌላው አይቶ ጆንያውን ያውጣ።